ከፍራንክፈርት ስቶክሆልም ብቻችሁን ለምትነዱ

ሰመር ሲቃረብ ስልኬ ላይ ያው ጥያቄ ይመጣል። «ስቶክሆልም በመኪና ስንት ቀን ይፈጃል? ብቻዬን እችለዋለሁ?» አንዱ ሰርግ አለበት፣ አንዷ የእህቷን ልጅ ክርስትና ልታነሳ ነው፣ ሌላው ደግሞ እረፍቱን ቤት ተቀምጦ መጨረስ አልፈለገም። ለእያንዳንዱ በድምፅ ስመልስ ሁልጊዜ አንድ ነገር እረሳለሁ። ስለዚህ ይኸው በጽሑፍ።

መልሱ ትችላላችሁ ነው። መንገዱ ወደ 1,460 ኪ.ሜ. ነው፣ ከሞላ ጎደል ሁሉም ሰፊ አውራ ጎዳና ነው። ሰው የሚቸገረው በርቀቱ አይደለም። አገር ቤት ረጅም መንገድ የሚሄድ ሾፌር ረዳት አለው። ጎማውን የሚያየው፣ ሒሳቡን የሚይዘው፣ መኪናው ወደ ኋላ ሲሄድ «ና፣ ና፣ በቃ!» የሚለው እሱ ነው። እናንተ ረዳት የላችሁም። በ120 ፍጥነት እየነዳችሁ ምልክት ማንበብ፣ ቲኬት መፈለግና ስልክ መነካካት ደግሞ አይቻልም። ስለዚህ የረዳቱን ሥራ ከመነሳታችሁ በፊት ጨርሱት። ከታች ያለው ሁሉ እሱ ነው።

ሰዓቶቹን የጻፍኳቸው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው፣ የመንገድ ምልክቱ ላይ የምታዩት እሱን ስለሆነ።

የሚያዙ ነገሮች

- ፓስፖርትና የጀርመን የመኖሪያ ፈቃድ ካርድ (ሁለቱም፣ አንዱ ብቻ አይበቃም)
- የጀርመን መንጃ ፈቃድ
- የመኪናው ሊብሬ፣ ጀርመኖቹ ፋርሶይግሻይን የሚሉት ወረቀት
- የኢንሹራንስ ዓለም አቀፍ ካርድ፣ ኢንሹራንሳችሁን ስትጠይቁ በነፃ ይልኩላችኋል
- የጤና መድን ካርዳችሁ፣ ጀርባው ላይ የአውሮፓ ካርድ መሆኑን አይታችሁ
- ሁለት የባንክ ካርድ፣ የሁለቱንም ሚስጥር ቁጥር በቃላችሁ ይዛችሁ
- አንጸባራቂ ሰደርያ፣ ባለ ሦስት ማዕዘን የማስጠንቀቂያ ምልክት፣ የመጀመሪያ እርዳታ ሣጥን
- ስኮርታ ጎማና ክሪክ፣ መኪናው ስኮርታ ከሌለው ደግሞ የጎማ መጠገኛው
- የስልክ ማሰሪያ፣ ቻርጀር፣ ፓወር ባንክ
- ብርድ ልብስ፣ ባትሪ፣ ውሃ፣ ፔርሙዝ
- ቆሎና ዳቦ ቆሎ (ምክንያቱን ቁጥር 5 ላይ እነግራችኋለሁ)

1. ወረቀታችሁን ከአንድ ወር በፊት እዩ

ድንበር የሚባል ነገር የለም ብላችሁ አትውጡ። ዴንማርክም ስዊድንም ድንበር ላይ ሰው አስቁመው ይጠይቃሉ። የመኖሪያ ፈቃድና ያልተቃጠለ ፓስፖርት ያለው ሰው ከ180 ቀን ውስጥ እስከ 90 ቀን በሌሎቹ የሸንገን አገሮች መቆየት ይችላል። በሰማያዊው የስደተኛ የጉዞ ሰነድ የምትሄዱም እንደዚሁ፣ ከመኖሪያ ፈቃዱ ጋር።

ማስጠንቀቂያ፦ ጉዳያችሁ ገና በሂደት ላይ ከሆነና የያዛችሁት የጥገኝነት ጠያቂ ወረቀት ወይም ዱልዱንግ (ከአገር መባረራችሁ ለጊዜው መታገዱን የሚገልጸው ወረቀት) ከሆነ ከጀርመን አትውጡ። እነዚህ ወረቀቶች ድንበር አያሻግሩም፣ ያለፈቃድ መውጣቱም ጉዳያችሁን ያበላሽባችኋል። ካርዳችሁ ለእድሳት ገብቶ ጊዜያዊ ወረቀት ከተሰጣችሁ ደግሞ ከመነሳታችሁ በፊት የውጭ ዜጎች ቢሮን በጽሑፍ ጠይቁና መልሱን ያዙት።

መንጃ ፈቃድ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የኢትዮጵያ መንጃ ፈቃድ ጀርመን ኑሮ ከጀመራችሁ በኋላ የሚያገለግለው 6 ወር ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ፈተናውን ወስዳችሁ ካልቀየራችሁ በሕግ ዓይን ያለ መንጃ ፈቃድ እየነዳችሁ ነው። አደጋ ቢደርስ ኢንሹራንሱም ጣጣ ያመጣል።

መኪናው የናንተ ካልሆነ ባለቤቱ ፈርሞ የሰጣችሁ የፈቃድ ወረቀት ይኑራችሁ። ሊብሬው ላይ የሌላ ሰው ስም ያየ ፖሊስ መጠየቁ አይቀርም፣ እናንተ ደግሞ «የአጎቴ ልጅ መኪና ነው» ስትሉ የሚመሰክርላችሁ ሰው አጠገባችሁ የለም። የኪራይ ከሆነ መኪናው ዴንማርክና ስዊድን መግባት እንደሚችል ውሉ ላይ ይጻፍላችሁ። በቃል «ችግር የለም» መባሉ አይበቃም።

2. መኪናውን ከሁለት ሳምንት በፊት አስመርምሩ

ሁለት ሳምንት ያልኩት ችግር ከተገኘ ዕቃው እስኪመጣ ጊዜ እንዲኖር ነው። ዘይት፣ የራዲያተር ውሃ፣ ፍሬን፣ ባትሪ፣ መጥረጊያ፣ መብራት። ጎማውን ጎሚስታ ዘንድ ወስዳችሁ ንፋሱን አስለኩ፣ ስኮርታውንም ጭምር። ስኮርታ የሚረሳው ሁልጊዜ የኋላ ሻንጣ ሥር ስለሚቀበር ነው። ቱፉም፣ ማለትም የጀርመኑ ቦሎ፣ ጊዜው እንዳላለፈ እዩ።

በብርዱ ወቅት የምትሄዱ ከሆነ ይህን አጥብቃችሁ ያዙ። ስዊድን ውስጥ ከዲሴምበር 1 እስከ ማርች 31 መንገዱ በረዶ ወይም ጭቃማ በረዶ ካለበት የበረዶ ጎማ ግዴታ ነው፣ የጀርመን ታርጋ ላለውም ጭምር። የጎማው ጥርስ ቢያንስ 3 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት። ባለ ሚስማር ጎማ ስዊድን ይፈቀዳል፣ ጀርመን ግን ክልክል ነው፣ ስለዚህ ለዚህ ጉዞ አትግዙት። የመስታወት ማጠቢያው ውሃም የማይቀዘቅዘው ዓይነት ይሁን። ጨው የተረጨበት መንገድ ላይ መስታወቱ በደቂቃ ውስጥ ነጭ ይሆናል፣ ማጠቢያው ከቀዘቀዘ በጭፍን ነው የምትነዱት።

ለመንገድ ላይ ብልሽት አውሮፓን በሙሉ የሚሸፍን አባልነት ይኑራችሁ። የአዳክ፣ ማለትም የጀርመኑ የመኪና ነጂዎች ክበብ፣ አባል ከሆናችሁ ፕላስ የሚለው መሆኑን አረጋግጡ፣ ተራው ከጀርመን ውጭ ብዙም አያግዛችሁም። ሁለት ሰው ሲሆን አንዱ መኪና ይጠብቃል፣ አንዱ እርዳታ ይፈልጋል። እናንተ ግን ብቻችሁን ናችሁ፣ ስለዚህ ይህ ቅንጦት አይደለም።

3. መንገዱን በሦስት ቀን ቁረጡት

በሁለት ቀን የጨረሱ አሉ። ለብቻ ነጂ ግን አልመክርም። እኔ የምነዳው እንዲህ ነው፦

ቀን 1፦ ፍራንክፈርት፣ ካሰል፣ ሃኖቨር፣ ሉቤክ። ወደ 560 ኪ.ሜ.
ቀን 2፦ ሉቤክ፣ ፑትጋርደን (የጀርመን ወደብ)፣ በፌሪ ሮድቢ (የዴንማርክ ወደብ)፣ ኮፐንሃገንን በዳር አልፎ ማልሞ፣ ዮንሾፒንግ። ወደ 575 ኪ.ሜ. እና የፌሪው ጊዜ
ቀን 3፦ ዮንሾፒንግ፣ ሊንሾፒንግ፣ ኖርሾፒንግ፣ ስቶክሆልም። ወደ 325 ኪ.ሜ.

ሦስተኛው ቀን ሆን ተብሎ ነው ያጠረው። ሰው የሚሳሳተው መጨረሻ ላይ ነው፣ ደክሞት የማያውቀው ከተማ ሲገባ። ስቶክሆልም ደግሞ በደሴቶች ላይ የተሠራ ከተማ ነው። አንድ መውጫ ካመለጣችሁ ድልድይ ተሻግራችሁ ሌላ ደሴት ላይ ናችሁ። ከሰዓት በኋላ፣ በብርሃን፣ ዓይናችሁ ሳይደክም መድረስ አለባችሁ።

ብርሃኑንም አስሉ። በጁን ስቶክሆልም ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ 22፡00 አካባቢ ነው፣ ሌሊቱም ጨርሶ አይጨልምም። በዲሴምበር ግን ከሰዓት በኋላ 15፡00 ሳይሞላ ትጠልቃለች። በዲሴምበር ጉዞ ላይ ሦስት ቀኑ አራት ቢሆን አይበዛም።

4. የሚከፈለውን ቤት ሆናችሁ ክፈሉ

ፌሪው፦ ከፑትጋርደን እስከ ሮድቢ 45 ደቂቃ ይፈጃል። ሌሊትም ቀንም ይሠራል፣ በየግማሽ ሰዓቱ አካባቢ ይነሳል። ቲኬቱን አስቀድማችሁ በኢንተርኔት ቁረጡ፣ እዚያ ደርሶ ከመቁረጥ ይረክሳል። በተለይ የሰመር ቅዳሜዎች ይጨናነቃሉ። ሰዓቱን ሳትጨነቁ እንድትነዱ ትንሽ ጨምራችሁ መቀየር የሚቻለውን ቲኬት ውሰዱ። ርካሹን ይዞ ሰዓት ለመድረስ የሚሮጥ ሾፌር ሰሜን ጀርመን ላይ ነው አደጋ የሚያደርሰው።

የኦሬሰንድ ድልድይ፦ ዴንማርክን ከስዊድን የሚያገናኘው እሱ ነው። ይህም በኢንተርኔት ሲከፈል ይቀንሳል። ፌሪውንና ድልድዩን በአንድ ቲኬት የሚሸጡም አሉ፣ እኔ እሱን ነው የምወስደው፣ ምክንያቱም አንድ ኮድ ብቻ ነው የምይዘው። ቲኬቶቹን ስልክ ላይ በፎቶ አስቀምጡ፣ አንድ ኮፒ ደግሞ አትማችሁ መስታወቱ ሥር አድርጉ።

ገንዘብ፦ ዴንማርክ የራሷ ክሮነር አላት፣ ስዊድን የራሷ ክሮና አላት፣ ሁለቱ የተለያዩ ናቸው። አትመንዝሩ። ስዊድን ውስጥ ብዙ ሱቅ ጥሬ ገንዘብ አይቀበልም። ማሽኑ «በዩሮ ትከፍላለህ ወይስ በክሮና?» ብሎ ሲጠይቃችሁ ሁልጊዜ በክሮና በሉት። በዩሮ ካላችሁ ማሽኑ በራሱ ምንዛሪ ያሰላል፣ ትርፉን የምትከፍሉት እናንተ ናችሁ።

5. እንቅልፉንና ምግቡን እንደ ነዳጅ ቁጠሩት

ከሁሉም በላይ የምፈራላችሁ እዚህ ላይ ነው። አጠገባችሁ ሆኖ «ዓይንህ ተከደነ እኮ» የሚል ሰው የለም።

አንድ ጊዜ ከማልሞ በኋላ ቁጭ ብዬ ከቤት የያዝኩትን ፍርፍር በደንብ በላሁ። ቨርናሞ አካባቢ ስደርስ የመንገዱ ዳር መስመር ጎማው ሥር ሲንኮሻኮሽ ነው የነቃሁት። መተኛቴን እንኳ አላወቅኩም ነበር። ግራና ቀኝ ያው ጥድ፣ ያው ቀጥ ያለ መንገድ፣ መኪናም ብዙ የለም። እጄ መሪው ላይ እየተንቀጠቀጠ ቀጣዩ ማረፊያ ድረስ በዝግታ ሄድኩና አንድ ሰዓት ተኛሁ።

ከዚያ ወዲህ ሕጌ ይህ ነው። በየሁለት ሰዓቱ መቆም፣ ባይደክመኝም። ቀን ላይ ከባድ ምግብ አለመብላት። እንጀራው ማታ፣ መኪናው ከቆመ በኋላ። መንገድ ላይ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ፍራፍሬ፣ ውሃ። ቆሎ የመረጥኩት ማላመጡ ስለሚያነቃና በአንድ እጅ ስለሚበላ ነው። የዓይናችሁ ቆብ ሲከብድ፣ ያለፋችሁትን መውጫ ማስታወስ ሲያቅታችሁ፣ ማዛጋት ሲደጋገም ቁሙ። አንድ ስኒ ቡና ጠጡና ወዲያው 20 ደቂቃ ተኙ። ቡናው መሥራት የሚጀምረው ልትነቁ ስትሉ ነው። መስኮት መክፈትና ሙዚቃ ማስጮህ እንቅልፍን አያባርርም፣ ለጥቂት ደቂቃ ያታልላችኋል እንጂ።

ማስጠንቀቂያ፦ ለንቃት ብላችሁ ጫት አትያዙ። በጀርመንም በዴንማርክም በስዊድንም በሕግ የተከለከለ ነው፣ እንደ አደንዛዥ ዕፅ ነው የሚቆጠረው። «ትንሽ ናት፣ ለራሴ ናት» የሚባል ነገር ድንበር ላይ አይሠራም።

ለአንድ ሰው ደግሞ የምትነዱበትን ቦታ በስልክ ክፈቱለት። ሦስት የመደወያ ሰዓት ተስማሙ፦ ስትነሱ፣ ፌሪ ላይ፣ ማደሪያ ስትደርሱ። ካልደወላችሁ ምን እንደሚያደርግም አስቀድማችሁ ንገሩት፣ በከንቱ እንዳይጨነቅ፣ እንዳይዘገይም።

6. ቀን አንድ፦ ሃምቡርግን በውስጧ አትለፉ

ከፍራንክፈርት በማለዳ ተነሱ። ካሰል አካባቢ ኤ7 የሚባለው አውራ ጎዳና ኮረብታማ ነው፣ ከባድ መኪናዎች ወደ ላይ ይንፏቀቃሉ፣ ወደ ታች ደግሞ ፍጥነቱ ይገደባል። ሃምቡርግ ስትቃረቡ ዋናው ነገር ይመጣል። ኤ7ን ይዛችሁ ከቀጠላችሁ የኤልበ ወንዝ ዋሻ ውስጥ ትገባላችሁ፣ እዚያ ያለው ሰልፍ የታወቀ ነው። ከከተማዋ በስተደቡብ ወደ ኤ1 ታጠፉና ወደ ሉቤክ ሂዱ። ጂፒኤሱ ፍሌንስቡርግ የሚል አቅጣጫ ከሰጣችሁ በፌሪው ፋንታ ዴንማርክ ውስጥ ባለው በስቶሬቤልት ትልቅ ድልድይ በኩል ሊወስዳችሁ ነው ማለት ነው። እሱም ይሄዳል፣ ግን ይረዝማል፣ ድልድዩም ያስከፍላል። መድረሻ ብላችሁ ስቶክሆልምን አትሙሉ፣ ፑትጋርደንን ሙሉ።

ሉቤክ ስትገቡ ነዳጅ ሙሉ። ጠዋት ቀጥታ ወደ ፌሪው ነው።

7. ፌሪና ዴንማርክ

ፌሪ ላይ ስትገቡ የሠራተኛውን እጅ ተከተሉ፣ ተጠግታችሁ አቁሙ፣ የእጅ ፍሬን ሳቡ፣ ማርሽ ውስጥ አስገቡ፣ አላርሙን አጥፉ። አላርሙ መርከቡ ሲወዛወዝ ይጮሃል። ከመውጣታችሁ በፊት የፎቁን ቁጥርና የደረጃውን ቀለም ፎቶ አንሱ። ደረጃዎቹ ሁሉ ይመሳሰላሉ፣ መኪናችሁን ካላገኛችሁ ደግሞ ከኋላ ያለው ሰልፍ በሙሉ እናንተን ይጠብቃል። ፓስፖርቱን ይዛችሁ ውጡ። ጉዞው ላይ መኪና ውስጥ መቀመጥ አይፈቀድም።

ዴንማርክ ስትወርዱ እግራችሁን ከነዳጁ ላይ አንሱ። ጀርመን አውቶባን የለመደ እግር እዚህ ያስቀጣል። አውራ ጎዳናው ላይ ከፍተኛው 130 ነው፣ ብዙ ቦታ 110፣ ከከተማ ውጭ ተራ መንገድ ላይ 80፣ ከተማ ውስጥ 50። ከ2021 ጀምሮ ደግሞ በጣም ያበደ አነዳድ የሚሉት ሕግ አለ። ከ200 በላይ የነዳ፣ ወይም ከ100 በላይ ሆኖ የተፈቀደውን እጥፍ ያለፈ መኪናው ይወረሳል። መኪናው የተከራየው ወይም የተዋሰው መሆኑ ብቻ አያድነውም። የሰው መኪና ይዛችሁ ከሆነ ይህን ሁለት ጊዜ አንብቡ።

አጭር መብራት ቀንም በርቶ ይዋል፣ ዴንማርክም ስዊድንም ግዴታ ነው። ኮፐንሃገን ከገባችሁ ወደ ቀኝ ከመታጠፋችሁ በፊት ብስክሌት መኖሩን በቀኝ ስፖኪዮ አይታችሁ ትከሻችሁንም ዞር አድርጋችሁ እዩ። ቀጥ ብሎ የሚሄደው ብስክሌተኛ ቅድሚያ አለው፣ አይቆምላችሁም። አሮጌ ናፍጣ መኪና ካላችሁ፣ በተለይ ከ2011 በፊት የተመዘገበና የጭስ ማጣሪያ የሌለው፣ ኮፐንሃገን መሃል አትግቡ።

8. ድልድዩን ተሻግራችሁ ስዊድን

ከኮፐንሃገን አየር ማረፊያ አጠገብ መጀመሪያ ባሕር ሥር ወደ 4 ኪ.ሜ. ዋሻ ነው፣ ከዚያ ሰው የሠራው ደሴት ላይ ትወጣላችሁ፣ ከዚያ ወደ 8 ኪ.ሜ. ድልድይ። ዋሻውን ጨርሶ ብርሃን ውስጥ ሲወጣ ሁሉም ሰው ስልክ ያነሳል። አታንሱ። መቆምም አይቻልም። ንፋስ ካለ መሪውን በሁለት እጅ ያዙ፣ ኃይለኛ ማዕበል ሲሆን ድልድዩ ሊዘጋም ስለሚችል ጠዋት ሁኔታውን እዩ።

መክፈያው ስዊድን በኩል ነው። የመስመሮቹን ምልክት ከሩቅ ማንበብ ጀምሩ። መስታወት ላይ የሚለጠፈው የክፍያ መሣሪያ ሳይኖራችሁ የደንበኞች መስመር ውስጥ ከገባችሁ በሩ አይከፈትላችሁም፣ ወደ ኋላ መመለስም አይቻልም። ያ ከሆነ አትደንግጡ፣ የእርዳታ ቁልፉን ተጫኑና ጠብቁ።

ከማልሞ በኢ6 ወደ ሄልሲንቦሪ 65 ኪ.ሜ. ያህል፣ ከዚያ ኢ4ን ያዙና እስከ ስቶክሆልም አትልቀቁት። አውራ ጎዳናው ላይ አብዛኛው 110 ነው፣ አንዳንድ ቦታ 120። የፍጥነት ካሜራ ከመድረሱ በፊት ምልክት አለው፣ ካሜራውም የነጂውን ፊት ነው የሚያነሳው። ለነጂ የሚፈቀደው በደም ውስጥ ያለ የአልኮል ልክ 0.2 በሺህ ነው፣ ከጀርመን 0.5 በጣም ያንሳል። አንድ ቢራም አትጠጡ። ማታ ጠጅ የጠጣችሁ እንደሆነ ጠዋትም ሊታይ ይችላል።

ነዳጅ ማደያው ብዙ ቦታ ሰው የለውም። መጀመሪያ ካርድ፣ ሚስጥር ቁጥር፣ ከዚያ ትቀዳላችሁ። ማሽኑ ከቀዳችሁት በላይ ገንዘብ ሊይዝ ይችላል፣ ከጥቂት ቀን በኋላ ይለቀዋል። ሁለተኛ ካርድ ያዙ ያልኩት ለዚህ ነው። «ቤንሲን» የሚለው ቤንዚን ነው፣ «ዲሰል» ናፍጣ።

ከዮንሾፒንግ በኋላ መንገዱ የቬተርን ሐይቅን ታኮ ይሄዳል። ከግሬና ትንሽ አልፎ ብራሄሁስ የሚባል የፈረሰ ግንብ ያለበት ማረፊያ አለ። ሐይቁ ከታች ተዘርግቶ ይታያል፣ ሽንት ቤት አለ፣ እግር ማፍታቻ ነው። እኔ ሁልጊዜ የሦስተኛውን ቀን ቡና እዚያ ነው የምጠጣው፣ ከፔርሙዙ።

9. ኤልክ

ትልቁ የአጋዘን ዘር ነው። እግሩ ረጅም ነው፣ ሆዱ የመኪናችሁ ኮፈን ቁመት ላይ ነው። መኪና ሲመታው እግሩን ይሰብርና ያ ሁሉ ክብደት መስታወቱ ላይ ይወድቃል። ኢ4 አብዛኛው ቦታ አጥር አለው። ከኢ4 ወጥታችሁ ማደሪያ ስትፈልጉ ግን አጥሩ ያበቃል፣ ያን ጊዜ ነው ጥንቃቄው። ጎህ ሲቀድና ሲመሽ በብዛት ይወጣሉ። ሁሉም የሚያውቀውን ባለ ሦስት ማዕዘን ምልክቱን ካያችሁ ፍጥነት ቀንሱ፣ ለጌጥ አልተተከለም።

ድንገት ከወጣ ፍሬኑን በሙሉ ኃይል ያዙ፣ ማምለጫ ከፈለጋችሁ በመጣበት በኩል፣ ከኋላው። እንስሳው ወደ ፊት ነው የሚሮጠው። አንዱ ካለፈ ሌላ ይከተለዋል ብላችሁ ጠብቁ፣ እናትና ግልገል አብረው ነው የሚሄዱት።

ከመታችሁት በ112 ደውሉ፣ ቦታውንም በሚታይ ነገር ምልክት አድርጉበት። እንስሳው ሮጦ ጫካ ቢገባም፣ የተጎዳ ባይመስልም፣ ማሳወቅ ግዴታ ነው። 112 በሦስቱም አገር ይሠራል።

10. ስቶክሆልም መግባት

ከተማዋ የመጨናነቅ ግብር ታስከፍላለች። ሰኞ እስከ ዓርብ፣ ከ06፡00 እስከ 18፡29። ቅዳሜ፣ እሑድና በዓል ቀን የለም፣ ጁላይም ከመጀመሪያዎቹ አምስት የሥራ ቀናት በስተቀር ነፃ ነው። በቀን ቢበዛ 135 ክሮና ነው። መክፈያ ኬላ የለውም፣ የሚያስቆማችሁም የለም። ካሜራ ታርጋችሁን ያነሳል፣ ደብዳቤው ጀርመን ይመጣል። ኢ4 ራሱ ከተማዋን ሲያልፍ፣ ኤሲንጌሌደን የሚባለው ክፍል፣ ያስከፍላል። ስለዚህ በስተሰሜን ምዕራብ ወዳሉት ሰፈሮች፣ ወደ ሪንከቢ፣ ተንስታ ወይም ሁስቢ የምትሄዱ፣ ከደቡብ ስለምትመጡ «እኔ መሃል ከተማ አልገባም» አትበሉ፣ በዚያው ነው የምታልፉት። ግብሩን ለመሸሽ በማታውቁት መንገድ አትዙሩ፣ ገንዘቡ ለዚያ አይበቃም። ከቻላችሁ ቅዳሜ ግቡ፣ መንገዱም ይቀልላችኋል።

11. መኪናውን አቁሙና በባቡር ሂዱ

እዚህ ላይ የተቀጣሁትን ቅጣት ስለማልረሳው በደንብ ልንገራችሁ። ማታ ደርሼ፣ ክፍያ የሚጠየቅበት ሰዓት አልፏል ብዬ፣ መንገድ ዳር አቁሜ ተኛሁ። ጠዋት መስታወቱ ላይ ወረቀት ተለጥፏል። ለካ ምልክቱ ሥር ሌላ ትንሽ ምልክት አለ፦ በሳምንት አንድ ሌሊት መንገዱ ይጸዳል፣ በዚያ ሌሊት ማቆም ክልክል ነው። የኔ ሌሊት ያ ነበር።

ምልክቱ ሲነበብ እንዲህ ነው። በተራ ቀለም የተጻፈው ሰዓት የሥራ ቀን ነው። በቅንፍ ያለው ቅዳሜና የበዓል ዋዜማ። በቀይ ያለው እሑድና በዓል። «አቭጊፍት» ካለ ክፍያ አለው። ቀን ተጽፎ የሌሊት ሰዓት ካለበት ያ የጽዳት ሌሊት ነው። ሁሉንም ከላይ እስከ ታች አንብቡ፣ ካልገባችሁ ፎቶ አንስታችሁ ለምታድሩበት ሰው ላኩ። ከመንገድ መጋጠሚያና ከእግረኛ መሻገሪያ 10 ሜትር ሳይሞላ ማቆም ክልክል ነው፣ ምልክት ባይኖርም። ክፍያው በአፕ ነው፣ ኢዚፓርክ በሦስቱም አገር ስለሚሠራ ጀርመን እያላችሁ ካርዳችሁን አስገቡበት።

የሚሻለው ግን የምታድሩበት ሰው ሰፈር አቁሞ መተው ነው። ከመነሳታችሁ በፊት «የእንግዳ ፓርኪንግ የት ነው?» ብላችሁ ጠይቁት። ከሪንከቢና ከተንስታ ሰማያዊው ሜትሮ ቀጥታ መሃል ያደርሳችኋል፣ ከሁስቢም እንዲሁ። ቲኬት መቁረጫ መፈለግ አያስፈልግም፣ የባንክ ካርዱን መግቢያው ላይ ማስነካት ይበቃል፣ አንዱ ለ75 ደቂቃ ይሠራል።

ብዙ ጊዜ የማያቸው ስህተቶች

- ሁለተኛውን ቀን ሌሊት ነድቶ ለመጨረስ መሞከር። ስሞላንድ በሚባለው የደቡብ ስዊድን ክፍል መንገዱ ባዶና ጨለማ ነው፣ የሚያነቃ ነገር የለም።
- የድንበር ጥያቄ ላይ የፓስፖርት ፎቶ ከስልክ ማሳየት። ዋናው ነው የሚፈለገው።
- መኪና ውስጥ ለማደር ጫካ መግባት። ስዊድን በተፈጥሮ ውስጥ በነፃ መንቀሳቀስ ይፈቀዳል ሲባል ለእግረኛ ነው፣ ከመንገድ ወጥቶ በመኪና መግባት ክልክል ነው። መኝታ ከቸገራችሁ «ራስትፕላትስ» የሚል ማረፊያ ላይ አቁሙ፣ በር ቆልፉ፣ ብርሃን ያለበት ቦታ ምረጡ።
- ለዘመድ የያዙትን እንጀራና በርበሬ የኋላ መስታወቱ እስኪጋረድ መጫን። ዕቃው ከወንበሩ ጀርባ ከፍታ አይለፍ፣ ፍሬን ስትይዙ ወደ ፊት ይወረወራል።
- የግብሩን ደብዳቤ መርሳት። የሚላከው መኪናው በተመዘገበበት አድራሻ ነው፣ ብዙ ጊዜ ከወር በላይ ቆይቶ። ቤት ከቀየራችሁ አድራሻውን አስቀይሩ፣ መኪናው የሰው ከሆነ ባለቤቱን «ከስዊድን ደብዳቤ ይመጣል፣ የኔ ነው» ብላችሁ ከመነሳታችሁ በፊት ንገሩት። በስልክ መልእክት «አሁኑኑ ክፈል» የሚል ሊንክ ከመጣ አትንኩት፣ ደብዳቤው ላይ ባለው ቁጥር ብቻ ክፈሉ።